ዶሮ ማነቂያን ማን አነቃት?

‹‹ሰፈርህ የት ነው?›› ለሚለኝ ሰው እስከ ዛሬ የምሰጠው መልስ አንድ ነው፤ ዶሮ ማነቂያ! ‹‹እንዴ! እሷማ ፈረሰች እኮ!›› ይለኛል። መፍረሷንማ ከኔ በላይ ማን ያውቃል? ቆርቆሮው ሲነቀል ቆሜ አይቻለሁ። ግን ጎበዝ፣ ሰው እናቱን ስለቀበረ ‹‹እናት አልነበረኝም›› ይላል? አይልም። እኔም አልልም።

በ2016 ዓ.ም. የካቲትና መጋቢት ላይ በፒያሳ የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በየካቲት የአድዋ ድል መታሰቢያ ተመረቀ፤ ጭብጨባው ሳይበርድ ‹‹ኮሪደር ልማት›› መጣና ዶሮ ማነቂያና አካባቢዋ ከምድር ተጠረጉ። ከዚያ ወዲህ ቴሌቪዥን በተከፈተ ቁጥር መብራቱን፣ የብስክሌት መንገዱን፣ ሽቅብ የሚረጨውን ውኃ ያሳዩናል። ‹‹አያምርም ወይ?›› ይሉናል። ያምራል! ዓይን አለኝ፣ አልክድም። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ለማን ነው ያማረው?

ዛሬ ብዕሬን ያነሳሁት ለማልቀስ አይደለም። በሰፈሬ የምወዳቸውን ቦታዎች አንድ ባንድ እየጠራሁ ልሟገት ነው። ‹‹የፈረሰው ቆሻሻ ነው፣ ቅርሱ አልተነካም›› የሚሉንን ሰዎች የምረታው በዚህ ነውና።

ከጊዮርጊስ ልጀምር። ንግሥት ዘውዲቱ በ1909፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. ዘውድ የደፉበት ካቴድራል ነው። ፊት ለፊቱ ምኒልክ በፈረሳቸው ላይ አሉ። ጣሊያን ያን ሐውልት አውርዶ ቀብሮት ነበር፤ ከነፃነት በኋላ ወጥቶ ቦታው ተመለሰ። እኔ ግን ጊዮርጊስን የምወደው ለነገሥታቱ ብዬ አይደለም። በማለዳ ነጠላቸውን አጣፍተው ከዶሮ ማነቂያ ቀጭን መንገድ ሽቅብ ለሚወጡት እናቶች ብዬ ነው። ከመሳለሚያው በር ላይ ጧፍ የምትሸጥልኝ ሴትዮ ቤቷ እዚያው ታች ነበር። ካቴድራሉ አለ። እናቶቹስ? ዛሬ ለአንድ ቅዳሴ ሁለት ታክሲና አንድ አውቶቡስ መያዝ አለባቸው። ጉልበቱ ያላት ትመጣለች፤ የሌላት ትቀራለች።

ሁለተኛው ቶሞካ ነው። በ1953 እ.ኤ.አ. የተከፈተ ቡና ቤት ነው። ስሙ ‹‹ዘመናዊ ቡና መቁያ›› የሚለው የጣሊያንኛ ቃል አጭር መጠሪያ ነው። ቆመህ ነው የምትጠጣው። ሚኒስትሩም፣ ሊስትሮው ከጠረገለት በኋላ ጎራ የሚለው ደላላም ያው አንድ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ክርናቸውን አሳርፈው ይጠጣሉ። በዚች አገር ሹምና ተርታው ሰው ትከሻ ለትከሻ የሚቆምበት ቦታ ስንት ነው? እስቲ ቁጠሩልኝ!

ሦስተኛው ሀገር ፍቅር ነው። በ1927 ዓ.ም. ወራሪው ጣሊያን ደጅ ላይ ቆሞ ሳለ ሕዝቡን ለማንቃት በማኅበር የተቋቋመው፣ በኋላ ቲያትር ቤት የሆነው። ጥላሁን ገሠሠ ከዚያ ቤት የወጣ ልጅ ነው። እኛ የሰፈር ልጆች ሳንቲም አጥተን በር ላይ ቆመን የሰማነው ሙዚቃ በቲኬት ከገባነው ይበልጣል። ጣይቱ ሆቴልም አለ። በእቴጌይቱ የተሠራው የአገሪቱ የመጀመሪያ ሆቴል። በጥር 2007 ዓ.ም. እሳት በላውና ጃዛምባ የሚባለው የሙዚቃ ቤት ከነመድረኩ ነደደ። ያን ዕለት ባልዲ ይዞ የሮጠው ማን ነበር? የሰፈሩ ልጅ ነው! ቅርስ ሲነድ ባልዲ የሚያነሳ ጎረቤት ያስፈልገዋል። ጎረቤቱን ጠርጋችሁ ቅርሱን ብቻውን ብታቆሙት ነገ ማን ይሮጥለታል?

አራተኛውንና ከሁሉ የምወደውን ቦታ በመጨረሻ አስቀመጥኩት። በቱሪስት ካርታ ላይ የለም። በየትኛውም የቅርስ መዝገብ አልተመዘገበም። ከዶሮ ማነቂያ ውስጥ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፍ ቅያስ ላይ፣ አንድ እትዬ ጀበና ጥደው ይቀመጡ ነበር። አምስት በርጩማ፣ አንድ የከሰል ምድጃ፣ የተሸራረፉ ስኒዎች፣ በላስቲክ የተጠቀለለ የዱቤ ደብተር። ሀብታቸው ይኸው ነው። በዚያ ደብተር ላይ ስሙ ያልሰፈረ የሰፈር ልጅ አልነበረም። ሥራ ሲጠፋ ‹‹ጠጣ፣ ሲሞላልህ ትከፍላለህ›› ይሉ ነበር። ማን ታመመ፣ ማን ወለደች፣ የማን ልጅ ከስደት ደወለ፣ የትኛው ቤት ክፍል ይከራያል... ሁሉ የሚታወቀው እዚያ ነው። ሥራና ሠራተኛ የሚገናኘውም፣ የተጣላ የሚታረቀውም በነዚያ አምስት በርጩማዎች ላይ ነበር። ይኼን ነው እንግዲህ ‹‹ቆሻሻ›› ያሉን!

ሐቁን እንነጋገር ካልን ሁሉንም እንናገር። ቤቶቻችን ያረጁ ነበሩ። ጣሪያው ያፈስ ነበር። አንድ ሽንት ቤት ለስንት አባወራ እንደምንጠቀም የኖረ ያውቀዋል። በሌሊት ዝናብ ድስትና ባልዲ ስር ስሩ ስንደረድር ያደግን ልጆች ነን፤ ድህነትን እንደ ጌጥ አንዘምርለትም። ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው የራሳቸውን ቧንቧ ከፍተው ‹‹ተመስገን›› ያሉ ጎረቤቶች አሉኝ፤ ደስታቸው ደስታዬ ነው። ታዲያ ይኼ ሁሉ እውነት ሆኖ ሳለ የምጠይቀው አንድ ነገር አለ። ያን ቤት እንዲያረጅ ያደረገው ማን ነው?

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አከራያችን መንግሥት ነው፤ ደርግም ይሁን ከሱ በኋላ የመጣው። ተከራዩ ኪራዩን ለቀበሌ እየከፈለ ግማሽ ምዕተ ዓመት ኖረ። አከራዩስ? ጣሪያ አልቀየረም። ግድግዳ አልመረገም። ተከራዩ በራሱ ወጪ ሊጠግን ሲነሳ ደግሞ ‹‹ፈቃድ አምጣ›› ይባላል። ወይ ጉድ! አከራዩ ሃምሳ ዓመት እጁን አጣጥፎ ተቀምጦ ሲያበቃ ‹‹ቤትህ አርጅቷልና ውጣ›› የሚልበት ሕግ በየትኛው አገር ነው ያለው? ያረጀው ቤቱ ብቻ ነው ወይስ አከራይነቱም ጭምር?

‹‹ሕጉን ተከትለን ነው›› ይሉናል። ደህና፣ በሕግ እንሟገት። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። የመንግሥት የሚለው ቃል ላይ ጮክ ይሉና የሕዝብ የሚለው ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ይቀንሳል። እኛስ ሕዝብ አይደለንም? አንቀጽ 44 ደግሞ በመንግሥት ፕሮግራም ምክንያት የተፈናቀሉ ብቻ ሳይሆኑ ኑሯቸው የተነካባቸው ሰዎችም ተመጣጣኝ ማካካሻ የማግኘት መብት አላቸው ይላል። ኑሯቸው የተነካ! ልብ በሉ! የጀበናዋ እትዬ ኑሮ ከዚያ ቅያስ ውጪ አልነበረም። ለአምስቱ በርጩማ ማካካሻው ምን ነበር? ምንም።

ሰፈራችን ሲፈርስ በሥራ ላይ የነበረው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ባለይዞታው ቦታውን ከማስረከቡ ቢያንስ አንድ ዓመት አስቀድሞ እንዲማከር ያዛል። የቀበሌ ተከራይ ግን ‹‹ባለይዞታ›› አይደለም! በአያቱ ቤት ተወልዶ፣ እዚያው ድሮና ኩሎ፣ እዚያው ጠጉሩ ሸብቶ ‹‹ባለይዞታ›› አይደለም። ለኛ የመጣልን ምክክር በር ላይ የተቀባ ቀይ ምልክት ነው። ከዚያ ‹‹ዕቃችሁን አውጡ›› ሆነ፤ ሳምንት እንኳ አልሞላም። ስለ ቅርስ ያለው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ደግሞ ቅርስን ለመጠገን እንኳ አስቀድሞ ፈቃድ ይጠይቃል። ለመጠገን ፈቃድ፣ ለማፍረስ ግሬደር! አይ አገሬ!

ታሪክ የሚያውቅ ሰው አንድ ነገር ያስታውሳል። በፋሽስት ወረራ ዘመን የአራዳ ገበያ ተነስቶ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ቦታ ተወሰደ። የነጩ ሰፈርና የሐበሻው ሰፈር እንዲለያይ ታስቦ የተነደፈ ፕላን ነበር። ፒያሳ ለጌቶቹ፣ አገሬው ወደ ዳር። ‹‹ፒያሳ›› የሚለው ስም ራሱ የዚያ ጠባሳ ነው። ጣሊያን ተባረረ፤ አገሬው ተመልሶ ገባና ፒያሳን የራሱ አደረጋት፤ የአራዳ ልጅ የሚባለውም ማንንም ‹‹ከየት ነህ?›› ሳይል አብሮ የኖረው ነው። የዛሬዎቹን ሹማምንት ከፋሽስት ጋር ላመሳስል አይደለም፤ አልልምም። ግን አንድ ጥያቄ ልጠይቃቸው። ያኔ ሰውን የለየው የቆዳው ቀለም ነበር፤ ዛሬ የሚለየው የኪሱ ክብደት ከሆነ፣ ወደ ዳር ለተገፋው ሰው ልዩነቱ ምንድን ነው?

አሁን ወደማልፈልገው ነገር ልምጣ። ያቺ እትዬ ዐረፉ። ከሰፈር ከወጣን ዓመት ሳይሞላ ነው። በከተማው ዳር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ጀበናቸውን ለማን እንደሚያፈሉ ሳያውቁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለዕድራቸው ከፍለዋል፤ አንድ ወር አላጎደሉም። ግን ዕድርተኛው በከተማው አራት ማዕዘን ተበትኗል፤ ጥሩምባ ነፊው አንድ ጥግ፣ ድንኳኑ ሌላ ጥግ፣ ሊቀመንበሩ ሌላ ጥግ። ስልክ ተደውሎ፣ መኪና ተፈልጎ፣ ድንኳኑ ሲደርስ ቀብሩ አልፏል። ቀባሪዎቹን ቆጠርኩ፤ አሥራ አንድ ነበርን። ዶሮ ማነቂያ ቢሆን ኖሮ መንገዱ ይዘጋ ነበር! የዱቤው ደብተር ከነላስቲኩ ትራሳቸው ስር ተገኘ። የኔም ስም አለበት፤ አልከፈልኩም። ለማን ልክፈል?

ክቡራን ሹማምንት፣ ኮሪደሩን አፍርሱት አልልም። በ2017 መጀመሪያ ካዛንችስም በተራዋ ፈረሰች፤ ስለዚህ የምለው ገና ላልፈረሰው ጭምር ነው።

አንደኛ፣ በፈረሰው ሰፈር ቦታ ላይ ቤት ሲሠራ ከዚያው የተነሳ ነዋሪ በአቅሙ የሚከራየው ድርሻ ይኑረው፤ ጎረቤትም ከጎረቤቱ ጋር ይስፈር። ሁለተኛ፣ የጠረጋችሁት መሬት ለማን፣ በስንት ዋጋ እንደተሰጠ በይፋ ይነገረን፤ የሕዝብ ነው ብላችሁን የለ? ሦስተኛ፣ ጉልት፣ ጀበና፣ ሊስትሮ፣ ልብስ ሰፊ፣ ሰዓት ጠጋኝ ሁሉ ኑሮው የተነካበት ሰው ነውና ይቆጠር። አራተኛ፣ ሌላ ሰፈር ከመነካቱ በፊት ነዋሪው የሚወዳቸውን ቦታዎች ራሱ ያስመዝግብ። መሐንዲስ ግንቡን ያውቃል፤ አምስቱን በርጩማ ግን የሚያውቀው የተቀመጠባቸው ነው።

ከፒያሳ ቁልቁል ‹‹እሪ በከንቱ›› የሚባል ሰፈር አለ። ድሮ ሌባ የገፈፈው ሰው ቢጮህ የሚደርስለት ስለሌለ የወጣለት ስም ነው ይባላል። ያኔ የሚገፍፈው ጨለማን ተገን አድርጎ ነበር። ዛሬ መንገዱ በመብራት ተጥለቅልቋል፤ ጩኸታችንን ግን የሚሰማ አልተገኘም። ዶሮ ማነቂያ ከካርታ ላይ ወጥታለች። እሪ በከንቱ ግን የአንድ ሰፈር ስም መሆኑ ቀርቶ የመላው ከተማ ስም እንዳይሆን እሰጋለሁ።

ልብ ያለው ልብ ይበል!