አንገት መድፋት ብቻውን ጨዋነት አይደለም



ዘንድሮም ከሰፈራችን ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚሄዱ ልጆች አሉ። ስለዚህ ጉዳይ በበኩሌ የሚሰማኝን ለመግለጽ እወዳለሁ።

እኛ ልጅ የምናሳድገው «ሰው ፊት አትናገር» እያልን ነው። አንገቱን የደፋውን ጨዋ እንለዋለን። ከዚያ አንድ ቀን ሻንጣ አስይዘን ማንንም ወደማያውቅበት ከተማ እንልከዋለን። የእኔ ልጅ አምና እንዲሁ ሄደች። በፈቃዷ ነው የምጽፈው። ትምህርቱ ሳይገባት መምህሩን አልጠየቀችም፤ ሆዷን ሲያማት ክሊኒክ አልሄደችም። ስንደውል «ደህና ነኝ» ነው መልሷ። ለእረፍት ስትመጣ ግን «የማፍረው እኔ ብቻ መስሎኝ» ብላ አለቀሰች።

ብቻዋን አይደለችም። በአሜሪካ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ፊሊፕ ዚምባርዶ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ተማሪዎችን ቢጠይቁ ከ100ው 40 ያህሉ ዓይን አፋር ነን ብለዋል።

«ነገ ይሻላል» ማለት መልካም ነው። ሆኖም ተስፋ በር ካላንኳኳ ምን ይሠራል? ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ! ልጄ ስትመለስ አንዲት ጓደኛዋን ይዛ መምህሩ ቢሮ ገባች፤ ከዚያ ወዲህ በስልክ ድምጿ ሌላ ነው።

ስለዚህ የማሳስበው፣ አዲሶቹ ከመሄዳቸው በፊት በማህበሩ ቤት ቡና እናፍላና አምና የሄዱት ያነጋግሩልን። ወላጆችም ስትደውሉ «ስንት አመጣህ?» ከማለታችሁ በፊት «ዛሬ ከማን ጋር ተጫወትክ?» በሉ።

የማህበሩ ጸሐፊ