ቪዲዮው አለቀ፤ ወንድማችንን ግን አልጠየቅነውም

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ባለፈው ረመዳን በጀመዓችን የቴሌግራም ቻናል ላይ የለቀቅነውን የሦስት ደቂቃ ቪዲዮ ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። ኢፍጣር ላይ ብቻውን ስለሚቀመጥ አንድ ፍሬሽ ተማሪ፣ ቀርበውም "ና፣ አብረን እናፍጥር" ስላሉት ልጆች ነበር። ብዙ ሰው ወደደው። መስጂድ በር ላይ አቁማችሁ "ማሻአላህ" ያላችሁን አልረሳንም። ዛሬ ስለዚያ ቪዲዮ ያልነገርናችሁን እንነግራችኋለን።

እኛ በጀመዓው የሚዲያ ክፍል የምንሠራ የጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን ተማሪዎች ነን። የቪዲዮው ሐሳብ ከመካከላችን የአንዱ ነበር፤ ታሪኩንም የጻፈው እሱ ነው። ቀረጻ በጀመርን በአምስተኛው ቀን ቀረ። በቴሌግራም "የት ጠፋህ?" አልነው። "ትንሽ አሞኛል" አለን። "አላህ ያሽርህ ወንድማችን" ብለን ጻፍንና ወደ ቀረጻችን ተመለስን። በማግስቱም እንዲሁ። ታይፎይድ ይዞት ከአልጋ መነሳት አቅቶት እንደነበር ያወቅነው ቪዲዮው ከተለቀቀ በኋላ ነው። ክሊኒክ የወሰደው፣ ሾርባ ያመላለሰለት፣ ሌሊት እየተነሳ ውሃ ያጠጣው የዶርሙ ልጅ ነበር። የጀመዓችን አባል አይደለም፤ ሙስሊምም አይደለም። አላህ ውለታውን ይክፈልልን።

ልንጠይቀው ስንሄድ አልወቀሰንም። "የካፌው ጫጫታ ድምፁን ያበላሸው ነበር፤ አስተካከላችሁት?" ብቻ አለን። እኛ የእሱን ነገር ስንረሳ እሱ የእኛን ሥራ አልረሳም። ስለ ወንድማማችነት ቪዲዮ እየሠራን ወንድማችንን ሳንጠይቅ ቀረን።

ይህን የምንጽፈው ይቅርታ ለመጠየቅ ብቻ አይደለም። ከዚያ በኋላ በመካከላችን ክርክር ተነሳ። ከፊላችን "ይህ ሥራ ይቅርብን። ትምህርት አለ፣ ቂርኣት አለ፣ ሶላት አለ፣ ቤተሰብ በየሳምንቱ ስልካችንን ይጠብቃል። በዚህ ሁሉ ላይ ካሜራ ሲጨመር የሆነ ነገር መውደቁ አይቀርም" አለ። ከእናንተም ይህን የሚሉ አሉ። ሐሳቡ ተራ ሐሳብ አይደለም፤ የወደቀውን ነገር በዓይናችን አይተናልና። እኛ ግን ተነጋግረን የደረስንበት ሌላ ነው። ጥፋታችን ፈጠራውን መውደዳችን አልነበረም። ጥፋታችን ሥራውን ከሰዎቹ ማስቀደማችን፣ ደግሞም መቆሚያ ሳናበጅለት መጀመራችን ነበር።

መጀመሪያ ሥራው ለምን እንደማይቀርብን እንናገር። እስልምና ወደ አገራችን የገባው በንግግር ነው። ቁረይሾች ወደ ሐበሻ የተሰደዱትን ሰሓቦች ለማስመለስ ስጦታ አስይዘው መልክተኞች ላኩ። ነጃሺም ስደተኞቹን አስጠራቸው። ሲጠሩ በመጀመሪያ ያደረጉት ተሰብስበው መመካከር ነበር፤ የመጣው ቢመጣ ነቢያቸው (ሰ.ዐ.ወ.) ያስተማሯቸውን ለመናገር ተስማሙ። ከዚያ ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ (ረ.ዐ.) ስለ ሁሉም ሆኖ ተናገረ። ቀድሞ ምን ዓይነት ሕይወት ይኖሩ እንደነበር፣ መልክተኛው ወደ ምን እንደጠራቸው አስረዳ። ከቁርኣን እንዲያሰማ ሲጠየቅም ለክርስቲያኑ ንጉሥ ከሱረቱ መርየም መጀመሪያ ቀራለት፤ ንጉሡም አለቀሰ። እኛ በክፍል ውስጥ "አድማጭህን እወቅ" የሚለውን ትምህርት በስላይድ እንማራለን። ጃዕፈር በዚህች ምድር ላይ ሠርቶት አሳይቷል። ልብ በሉ፤ ንግግሩ የአንድ ሰው ቢሆንም ምክሩ የሁሉም ነበር።

ቀረብ ብለን ደግሞ ወሎን እንመልከት። እንደ ሸኽ ጦልሃ ቢን ጃዕፈር ያሉ ዑለሞች መጽሐፍ ማንበብ ለማይችለው ሕዝብ ዲኑን ያስተማሩት በራሱ ቋንቋ መንዙማ እየገጠሙ ነው። አማርኛውን በዐረብኛ ፊደል፣ በዐጀም ጽፈውታል። ስለ ድቤውና ስለ አዜያየሙ ዑለሞቻችን ያላቸውን ልዩነት ለእነሱ እንተወው። እኛ የምናነሳው አሠራሩን ነው። መንዙማ አውጪ አለው፣ ተቀባይም አለው። አውጪው የቱን ያህል ድምፀ መረዋ ቢሆን የሚቀበለው ጀመዓ ከሌለ መንዙማው አይደምቅም። የእኛ ቪዲዮ አውጪ ነበረው፤ ተቀባዮቹ ግን አውጪው ከመካከላቸው ሲጠፋ እንኳ አላወቁም።

ሁለተኛው ነገር ጊዜ ነው። የሌላ ዲፓርትመንት ወንድሞቻችን "እናንተ ምን አለባችሁ፣ ቪዲዮ ነው የምትሠሩት" ይሉናል። እኛም የኢንጂነሪንግንና የሕክምናን ጫና አንክድም። ግን አንድ ልዩነት አለ። ፈተና ማብቂያ አለው፤ ወረቀቱ ይሰበሰባል፣ ትወጣላችሁ። ኤዲቲንግ ማብቂያ የለውም። ሁልጊዜ ሊያጥር የሚችል አንድ ሾት፣ ሊስተካከል የሚችል አንድ ድምፅ ይኖራል። "አንድ ጊዜ ብቻ ልየው" ስንል ከሌሊቱ 8 ሰዓት ይሆናል። ከዚያ ሱብሒ ያመልጣል፣ የ2 ሰዓቱ ክፍል በእንቅልፍ ያልፋል፣ ቀኑ ሙሉ በድካም ይሄዳል። ከተለቀቀ በኋላም አያልቅም፤ ስንት ሰው አየው እያልን ስልካችንን በየአሥር ደቂቃው እንከፍታለን።

ስለዚህ በራሱ የማያልቅን ሥራ ሌላ ነገር ሊያስቆመው ይገባል። ለእኛ ለሙስሊሞች ይህን የሚያስቆም ነገር መፈለግ አይጠበቅብንም፤ በቀን አምስት ጊዜ ይጠራናል። አዛን የቀኑን ሥራ የሚያቋርጥ ነገር አድርገን ስናየው ኖረናል። አሁን ግን ሥራውን የምናዋቅረው በእሱ ሆኗል። ከዐስር እስከ መግሪብ ቀረጻ፣ ከሱብሒ በኋላ ኤዲቲንግ፤ ከዒሻ በኋላ ላፕቶፑ ይዘጋል። ከሱብሒ በኋላ ባለው አንድ ሰዓት የምንሠራው ሌሊቱን ሙሉ በቀላ ዓይን ከምንሠራው ይበልጣል። ባረካ የሚባለውን ነገር እዚያ ላይ አይተነዋል፤ አልሐምዱሊላህ።

ሦስተኛው ነገር ጓደኛ ነው፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይም እሱ ነው። ቡኻሪ የዘገቡትን የሰልማንና የአቡ ደርዳእን (ረ.ዐ.) ታሪክ ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሁለቱን ወንድማማች አድርገዋቸው ነበር። ሰልማን ወንድሙን ሊዘይር ቤቱ ሄደ። የአቡ ደርዳእን ባለቤት ለራሷ ሳትጨነቅ፣ ተጎሳቁላ አገኛት። ባሏ ለዱንያ ጉዳይ እንደሌለው ነገረችው። ምግብ ሲቀርብ አቡ ደርዳእ "ጾመኛ ነኝ" አለ፤ ሰልማን አንተ ካልበላህ አልበላም ብሎ አስበላው። ሌሊት ሊሰግድ ሲነሳ ተኛ አለው፤ የሌሊቱ መጨረሻ ሲደርስ ግን አሁን ተነሳ ብሎት አብረው ሰገዱ። ከዚያም ጌታህም፣ ነፍስህም፣ ቤተሰብህም በአንተ ላይ ሐቅ አላቸውና ለእያንዳንዱ ሐቁን ስጥ ሲል መከረው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ይህን ሲሰሙ ሰልማን እውነት መናገሩን አጸኑለት።

ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ ስለ ሚዛን ስንሰማው ኖረናል። አሁን ስናነበው ሌላም ነገር አየን። አቡ ደርዳእ ሚዛኑ መዛነፉን በራሱ አላየውም። ያየለት ቤቱ የመጣው ወንድሙ ነው። ያጋደለውም በዒባዳ በኩል ነበር፤ በዒባዳ እንዲህ ከሆነ በኤዲቲንግማ እንዴት ይሆን? "ጊዜህን አመጣጥን" የሚል ምክር በየስልጠናው ይሰጠናል፤ የሰዓት ሰንጠረዥ ሠርተን ግድግዳ ላይ እንለጥፋለን። ወረቀት ግን አይዘይርም። ማታ ልብስህን ሳትቀይር መተኛትህን፣ ካፌ መምጣት ማቆምህን፣ ሱብሒ ላይ መጥፋትህን የሚያይ ሰው ነው። እኛም ለወንድማችን ሰልማን ሆነን ቢሆን ኖሮ በአምስተኛው ቀን ዶርሙ ድረስ እንሄድ ነበር።

በዚህ ምክንያት በሚዲያ ክፍሉ ሦስት ነገር ወስነናል። አንደኛ፣ ከቡድኑ አንድ ሰው ከቀረ የዚያን ቀን ቀረጻ ከመጀመሩ በፊት ሁለት ልጆች ባለበት ሄደው ያዩታል፤ እህት ከሆነች እህቶች ይሄዳሉ። የቴሌግራም መልእክት ዚያራ ተብሎ አይቆጠርም። በሽተኛን መጠየቅ ሙስሊም በሙስሊም ላይ ካለው ሐቅ አንዱ ነው፤ ሐቅ ደግሞ በልብ ምልክት አይከፈልም። ሁለተኛ፣ ጓደኛን ሳናስፈቅድ አንቀርጽም። በዱዓ መሐል የሚያለቅስ ወንድም ምስሉ ያምር ይሆናል፤ ዕንባው ግን የእሱና የጌታው ነው፤ ለቻናላችን ማድመቂያ አይሆንም። ሦስተኛ፣ የአንዱ ፈተና ሲደርስ ሥራው ይዘገያል እንጂ ልጁ አይዘገይም። ያልተለቀቀ ቪዲዮ በሚቀጥለው ሳምንት ይለቀቃል፤ የወረደ ግሬድ ግን እንደዚያ በቀላሉ አይመለስም።

ይህን ስናደርግ በሴሚስተሩ ውስጥ የለቀቅናቸው ሥራዎች ቁጥር ቀንሷል። ይህን አንደብቃችሁም። "ምነው ጠፋችሁ?" የሚሉን አሉ። አልጠፋንም፤ ቀስ ብለን እየሄድን ነው። ያ ወንድማችንም አልሐምዱሊላህ ድኗል፤ አሁን የድምፅ ሥራውን የያዘው እሱ ነው።

ለመጪው ረመዳን የምንሠራውን ከአሁኑ መመካከር ጀምረናል። መጻፍ የምትወዱ፣ ድምፃችሁ የሚያምር፣ ካሜራ ይዛችሁ የማታውቁም ብትሆኑ ኑ፤ ዲፓርትመንታችሁን አንጠይቅም። የምንጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ከመምጣታችሁ በፊት ሰሞኑን ያላያችሁት አንድ ጓደኛችሁን ዶርሙ ድረስ ሄዳችሁ ጠይቁት። ታሞ እንደሆነ አብራችሁት ቆዩ፤ እኛ እንጠብቃችኋለን።

አላህ ሥራችንን ለእሱ ብቻ የተሠራ ያድርግልን፤ በጊዜያችን ባረካ፣ በወንድማማችነታችንም እውነት ይጨምርልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።