ሯጭ ነህ ወይ?

በሚኒያፖሊስ «ከኢትዮጵያ ነኝ» ባልኩ ቁጥር የምትከተለኝ ጥያቄ አንዲት ናት፤ «ሯጭ ነህ ወይ?» አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮማ ላይ በባዶ እግሩ አሸንፎ ዕዳውን ለእኛ ትቶልን ሄደ። እኔ እንኳን በጋዜጠኝነቴ ዘመን የሮጥኩት ማተሚያ ቤቱ እንዳይዘጋብኝ ብቻ ነበር። ዛሬ ታክሲ እነዳለሁ። በቀን አሥራ ሁለት ሰዓት ተቀምጬ እንደምውል ሆዴ ምስክር ነው።

መስከረም ላይ ሐኪሜ ደም ብዛቴን ለክታ «ተንቀሳቀስ!» አለችኝ። ጫማ ገዛሁ። የኖኮሚስን ሐይቅ ገና ግማሹን ሳልዞር አግዳሚ ወንበር ላይ ተዘረርኩ። አንዲት ሽበታም አሮጊት ደህና መሆኔን ጠይቀውኝ እየሮጡ አለፉ። ከዚያ ወዲህ በጫማው ቆሻሻ እጥልበታለሁ።

በረዶው መጣና አዳነኝ። እዚህ ከተማ በረዶ ከጣለ ባለቤት በ24 ሰዓት ውስጥ ደጃፉን ያለውን የእግረኛ መንገድ መጥረግ አለበት፤ ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ለሃሎዊን የጣለውን 28 ኢንች የሚያስታውሱ ወገኖች ያውቁታል። አካፋዬን ይዤ ግማሽ ሰዓት ዛቅሁ፣ ላቤ ተንቆረቆረ። ለሐኪሜ ብነግራት «ይቆጠርልሃል» አለች። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው መመሪያም በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይላል እንጂ ሩጡ ብሎ አያዝም፤ የቤት ውስጥ ሥራንም ይቆጥራል።

ግን አስጠነቀቀችኝ። ብርዱ የደም ሥርን ያጠባል፣ ከባድ በረዶ ማንሳት ደግሞ ልብን በድንገት ያስጨንቃል። ተቀምጦ የከረመ ሰው አካፋ ይዞ የሚወድቀው ለዚህ ነው። በጥቂት በጥቂቱ ዛቁ፤ ከማንሳት መግፋት ይሻላል፤ እያረፋችሁ ሥሩ። ደረታችሁን ከተጫናችሁ 911 ደውሉ። የእኛ ሰው ደረቱን ይዞ «ብርድ መታኝ» ማለት ይወዳልና ነው ይህን የምደጋግመው። ወንድሞቼ፣ ዝንጅብል የማይፈታው ብርድ አለ።

ይህንን ሁሉ ለባለቤቴ በኩራት ሳስረዳ ዝም ብላ ሰማችኝና መወልወያውን አቀበለችኝ። «እኔ ሃያ ዓመት ያለ ሜዳሊያ ሮጫለሁ፤ አሁን ተራው ያንተ ነው» አለች። መልስ አልነበረኝም። ወለሉ፣ የቡናው ሙቀጫ፣ ከምድር ቤት ሦስት ፎቅ ተሸክሞ የሚወጣው ልብስ፣ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ደም ብዛቴ ትንሽ ወርዷል። ኪኒኑን ግን ሐኪሜ እስክታዝ አላቋረጥኩም፤ እናንተም እንዳታቋርጡ።

ይህንንም የምጽፈው ማጠቢያው እስኪጨርስ ነው። ይኸው ጮኸ፤ ልውረድ።