የቀዩን አፈር ጉዞ በጨረር ስለ መከተል

በደብረ ኤልያስ ወይም በደምበጫ ገበያ የዋለ ሰው፣ እግሩ አብጦ መጫሚያ አልገባለት ያለ ገበሬ ሳያይ አይመለስም። ዝሆኔ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት እንዳመለከተው፣ በእነዚህ ሁለት ወረዳዎች 15 ዓመት ከሞላው ሰው ከመቶው ከ3 የሚበልጠው በዚህ ይሠቃያል። ጎረቤት ግን «ዘራቸው ነው» እያለ ከጋብቻ ያርቃቸዋል።

ሐኪሙ ኧርነስት ፕራይስ በአገራችን ተመራምረው፣ በባዶ እግር ከሚሄዱ ሰዎች ንፍፊት ውስጥ ሲሊከን፣ አሉሚኒየምና ብረት መገኘቱን እ.ኤ.አ. በ1978 አሳተሙ። የአፈሩ ብናኝ በእግር ገብቶ ሽቅብ ይወጣል ማለት ነው። ነገር ግን ምን ያህሉ ያልፋል፤ ምን ያህሉስ ይቀራል?

ለዚህ ዓይነቱ ጥያቄ የተፈጠረ ዘዴ አለ። ሄቬሺ የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1923 ጨረር ያለው እርሳስ በውሃ አሟሙቶ ለባቄላ (አዎን፣ ለባቄላ!) አጠጣና በሥሩና በግንዱ የሄደበትን ተከተለ። እ.ኤ.አ. በ1953 ደግሞ አሜሪካውያን ሐኪሞች በሥጋ ውስጥ የተወጋ የወርቅ ብናኝ በንፍፊት ሲከማች በጨረሩ ለይተውታል። ወርቁ በኒውክሌር ምድጃ በኒውትሮን ተመትቶ ወርቅ 198 ይሆናል፤ ከዚያም ተሟሙቶ በናኖሜትር ወደሚለካ ብናኝ ይመለሳል። ናኖሜትር የአንድ ሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ነው። ይህን ያህል ቢደቅም የሚገኝበትን ሥፍራ ጨረሩ ያሳብቅበታል።

ታዲያ ምልክቱ ከብናኙ የተላቀቀ እንደ ሆነ፣ መሣሪያው የሚቆጥረው ብናኙን ሳይሆን የተላቀቀውን አቶም ነው። የላሙ ቃጭል ወድቆ፣ እረኛው ድምፁን እየተከተለ ባዶ ሜዳ እንደሚደርስ ማለት ነው። ስለዚህ ምልክቱ ከብናኙ ጋር መጽናቱን አስቀድሞ መፈተን ከሥራው ሁሉ ከባዱ ይመስለኛል።

«ገንዘቡ ለጫማ ይዋል» የሚሉኝ ባልንጀሮች አሉ። እውነት አላቸው፤ ጫማ፣ ውሃና ሳሙና በሽታውን ይከለክላሉና ምርምር እነርሱን ለአንድ ቀን እንኳ ሊያዘገይ አይገባም። ይሁን እንጂ በአንድ ማሳ በባዶ እግር ካረሱ ሁለት ወንድማማቾች አንዱ ሲታመም ሌላው ለምን ይተርፋል? እ.ኤ.አ. በ2012 በወላይታ የተደረገው ጥናት ተጋላጭነቱ በከፊል በዘር እንደሚወረስ አሳይቷል፤ ያለ አፈሩ ግን በሽታው አይመጣም። «ዘራቸው ነው» ለሚለው ጎረቤት ይህን ለማስረዳት፣ የአፈሩን መንገድ ደረጃ በደረጃ ማሳየት ይረዳል።

የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ወጣቶች ፈቃድና ተገቢ ቤተ ሙከራ አግኝተው፣ በአይጥ ላይ ቢጀምሩትስ? የወርቅ 198 ጨረር በ2.7 ቀን ይጋመሳልና ከውጭ አገር እስኪደርስ ይደክማል። ብረት 59 ግን የሚጋመሰው በ44 ቀን ተኩል ነው፤ ብረት ደግሞ ራሱ በቀዩ አፈራችን ውስጥ ያለ ነው።