የድሬዳዋ ድንጋይና ሃያዎቹ ኤሌክትሮኖች



በድሬዳዋ ከዐስር ሶላት በኋላ ለሚሰባሰቡ ወጣቶች ስለ አተም ስንናገር አንድ ስህተት ሠራን። «ኤሌክትሮኖች በኒውክለሱ ዙሪያ በሼል በሼል ይደረደራሉ። የመጀመሪያው 2፣ ሁለተኛው 8፣ ሦስተኛው 18 ይይዛል። የውስጡ ሳይሞላ የውጪው አይጀመርም» አልን።

ለምሳሌ ካልሲየምን ወሰድን። የከተማችን ሲሚንቶ የሚሠራበት የኖራ ድንጋይ ካልሲየም ከካርቦንና ከኦክስጅን ጋር የተዋሃደበት ነውና ለድሬ ልጅ እንግዳ አይደለም። 20 ኤሌክትሮኖቹንም 2፣ 8፣ 8፣ 2 ብለን ደረደርናቸው።

አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣች። «ኡስታዝ፣ ሦስተኛው 18 የሚይዝ ከሆነ ለምን በ8 ቆመ? እሱ ሳይሞላ አራተኛው እንዴት ተጀመረ?»

ዝም አልን። አንድ አባት «ልጄ፣ የተሰጠሽን ሸምድጂ» አሏት። እኛም፣ አላህ ይቅር ይበለንና፣ በዚያው ለማምለጥ ከጅሎን ነበር። በመጨረሻ ግን «አናውቅም፤ ጠይቀን እንመለሳለን» አልን።

ጠየቅን፤ አገላበጥን። ለካስ ሼል አንድ ወጥ ክፍል አይደለም፤ በውስጡ ንዑስ ሼሎች አሉት። የሦስተኛው ሼል ንዑስ ሼሎች 2፣ 6 እና 10 ይይዛሉ። ኤሌክትሮን ደግሞ የሚገባው ዝቅተኛ ኃይል ወዳለው ቦታ ነው። በፖታሲየምና በካልሲየም አተም ውስጥ፣ 10 ከሚይዘው ክፍል ይልቅ የአራተኛው ሼል የመጀመሪያ ክፍል ኃይሉ ዝቅ ይላል። ስለዚህ 19ኛውና 20ኛው ወደ አራተኛው ያልፋሉ። የታለፈው ቦታ መሞላት የሚጀምረው ከ21ኛው ንጥረ ነገር፣ ከስካንዲየም ነው። በ1902 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ የደረሰው የባቡር ሐዲድ የተሠራበት ብረትም 26 ኤሌክትሮኖቹ 2፣ 8፣ 14፣ 2 የሆኑት በዚሁ ምክንያት ነው።

ይህ ድርድር የቁጥር ጨዋታ ብቻ አይደለም። ካልሲየም የውጪዎቹን 2 ኤሌክትሮኖች በቀላሉ ስለሚለቅ በተፈጥሮ ብቻውን አይገኝም፤ በድንጋይም፣ በአጥንታችንም ውስጥ ከሌሎች ጋር ተዋህዶ ነው የምናገኘው። ሱብሓነላህ! ዓይን በማያየው አተም ውስጥ ይህን ሥርዓት ያኖረ ጌታ ጥራት ይገባው።

በሳምንቱ በዚያው ጉባኤ ፊት «ተሳስተን ነበር፤ ጥያቄሽ ትክክል ነው» ብለን መልሱን ነገርናት። ያ አባት ከሁሉም ቀድመው «ማሻአላህ» አሉ።

ወላጆች ሆይ! ልጅ ሲጠይቅ «ዝም በል» የምንለው ብዙውን ጊዜ የእኛን አለማወቅ ለመሸፈን ነው። መላእክት እንኳ ጌታቸው ካሳወቃቸው በቀር እውቀት እንደሌላቸው መስክረዋል። ታዲያ እኛ «አላውቅም» ማለትን ለምን እናፍራለን? ኢልም አማና ነው። የጠየቀን ልጅ ማሸማቀቅ ያንን አማና ማጉደል ነው። እናንተም ወጣቶች፣ በአደብ ጠይቁ፤ ግን መጠየቅን አትተዉ።

ወላሁ አዕለም።