ነዳጅ ተወደደ፤ አውቶቡሱስ የታለ?

ማለዳ 12 ሰዓት መገናኛ ወይም ሜክሲኮ ታክሲ ጥበቃ የቆመ ሰው ስለ ነዳጅ ፖሊሲ አስረጂ አያሻውም። ከሰልፉ ርዝመት ያነበዋል።

መንግሥት በ2014 ክረምት ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ማንሳት ሲጀምር 1 ሊትር ቤንዚን 47 ብር ከ83 ሳንቲም ነበር። በ2017 የገና ሰሞን 101 ብር ከ47 ሳንቲም ገባ። በሁለት ዓመት ተኩል ከእጥፍ በላይ መሆኑ ነው! ድጎማ ቀረ ማለትና ግብር ተጨመረ ማለት ደግሞ ለከፋዩ ያው ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ወገን ሲከራከር እንሰማለን። አንደኛው «ነዳጅ ይወደድ፣ ሰው ያኔ ይቆጥባል» ይላል። ሌላው «ዋጋውን ተዉት፣ መኪናውን ቀይሩት» ባይ ነው። መንግሥት ሁለቱንም ይዟል። በ2014 የኤሌክትሪክ መኪናን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነፃ አደረገ። በጥር 2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን አስታወቀ።

እውነቱን እንነጋገር። የነዳጅ ዋጋ አንድ ጥሩ ነገር አለው፤ አሮጌውንም አዲሱንም መኪና እኩል ይነካል። ግን ማን ነው የሚቆጥበው? ባለ ቪ ኤይቱ ሹም ነዳጁን ከኪሱ አይከፍል! ባለ ጭነት መኪናው ጭማሪውን ጤፉና ሽንኩርቱ ላይ ይጥለዋል። የታክሲ ተሳፋሪውስ ምኑን ይቆጥብ? በእግሩ ካልሄደ በቀር ምርጫ የለውም። ለሕዝብ ማመላለሻ ተለይቶ የተሰጠው ድጎማም የታክሲውን ሰልፍ አላሳጠረለትም።

የኤሌክትሪክ መኪናውንም አንቃወምም። መብራታችን ከወንዛችን ነው፤ የአባይ ግድብም በጳጉሜን 2017 ተመርቋል። በዶላር ገዝቶ ከማቃጠል የራስን ኃይል መጠቀም የማንም ጤነኛ ሰው ምርጫ ነው። ነገር ግን እገዳው የሚነካው አዲስ ገቢውን ብቻ ነው፤ አሮጌው ገና ለብዙ ዓመት ሲያጨስ ይኖራል። የቀረጥ ምሕረቱም የሚደርሰው ሚሊዮኖች ቆጥሮ መኪና ለሚገዛው ነው። ለታክሲ ተሰላፊው ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ኧረ ለመሆኑ በእጃችን ያለውንስ የት አደረስነው? የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በመስከረም 2008 በ41 ባቡሮች ሥራ ሲጀምር አንድ ጠብታ ነዳጅ አይጠጣም ተብሎ ተጨበጨበለት። ውሎ አድሮ ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት ቆሙ። ከጅቡቲ የሚመጣው የባቡር መስመርም በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው፤ በ2010 አገልግሎት ጀምሯል። ቦቴዎቻችን ግን እዚያው አጠገቡ ናፍጣ እያቃጠሉ ናፍጣ ያመላልሳሉ። ጉድ እኮ ነው!

እኛ የምንለው አጭር ነው። በ1989 የተቋቋመው የመንገድ ፈንድ ዋና ገቢው ከነዳጅ ላይ የሚሰበሰበው ክፍያ ነው፤ ገንዘቡም ለመንገድ ጥገና በሕግ ተለይቷል። ከሊትር የተሰበሰበ ብር ለአንድ ሥራ ብቻ እንዲውል ማድረግ ይቻላል ማለት ነው። ታዲያ ከነዳጅ የሚገኘው አዲስ ገቢና ከድጎማው የተረፈው ገንዘብ ለኤሌክትሪክ አውቶቡስ፣ ለቆሙት ባቡሮች መለዋወጫና ለጭነት ባቡሩ እንዲውል በሕግ የማይወሰነው ለምንድነው? ሒሳቡስ በየዓመቱ ለሕዝብ በግልጽ የማይነገረው ስለምን ነው?

መጀመሪያ አውቶቡሱ ይምጣ፤ ከዚያ ዋጋው ሰውን ከመኪናው ያስወርድ። አማራጭ ሳይሰጡ ማስወደድ ቁጠባ ማስተማር አይባልም፤ ቅጣት ነው።

ሕዝቡ ከፍሏል፤ ወደፊትም ይከፍላል። የከፈለበትን ግን በዓይኑ ይየው!