ሰባ ስምንቱንስ ማን ጠየቃቸው?

የካቲት 16 ኪዳነ ምሕረት ናት። በዚያን ቀን በላዔ ሰብእ ሳይነሳ የሚውል ዐውደ ምሕረት ማግኘት ይከብዳል። ታሪኩን የማያውቅ የለም። ሰውየው የቅምር አገር ሰው ነው፤ ቤተሰቡን ጨምሮ 78 ነፍስ በልቷል። አንድ ቀን መንገድ ላይ በውኃ ጥም የሚቃጠል ለምጻም አገኘና ስለ እመቤታችን ስም ጥርኝ ውኃ ሰጠው። ሲሞት 78ቱ ነፍስ በሚዛኑ አንድ ወገን፣ ጥርኟ ውኃ በሌላው ተቀመጡ። እመቤታችን ጥላዋን ጣለችበት፤ ውኃዋ ሚዛን ደፋች። ዘጌ፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረት የሄደ ሰው ሥዕሉን ግድግዳው ላይ አይቶታል።

እኛ ከታሪኩ ጋር ጠብ የለንም። ታማልዳለች አታማልድም የሚለውን ሙግትም ለሚወዱት ትተናል (ታክሲ ውስጥ ሳይቀር ሰልችቶናል)። ጠባችን ታሪኩን እንደ ደረሰኝ አጥፈው ኪሳቸው ከከተቱት ሰዎች ጋር ነው።

አንበሳሜን እንውሰድ፣ የደራን ከተማ፣ ከሐሙሲት ወደ እስቴ ስትሄዱ የምታገኟትን። በዚህ አገር ደም መመለስ ምን እንደሆነ ለአገሬው ሰው አይነገርም። ሩዝ ካስወደደው የፎገራ ሜዳ ጀምሮ እስከ ደጋው ድረስ በድንበር፣ በውኃ፣ በአንዲት የጠላ ቤት ቃል ሰው ይሞታል። ገዳይ ይሸፍታል። የሟች ልጅ ጠመንጃ መሸከም እስኪችል ይጠበቃል። ይህን የሚያቆመው ዕርቅ ነው። ዕርቁ ደግሞ በአንድ ቀን አይደለም፤ ቄሶች መስቀል ይዘው ከሽማግሌዎች ጋር የሟች ቤተሰብ ደጅ ይሄዳሉ፣ ተባረው ይመለሳሉ፣ እንደገና ይሄዳሉ። በስንት ልመና እሺ ሲባል ገዳይ ድንጋይ ተሸክሞ እግር ላይ ይወድቃል። ካሳ ይቆረጣል። የሟች እናት እስከ መጨረሻዋ ሰዓት "እምቢ" ማለት ትችላለች፤ ሽማግሌው ደጇ ላይ ፀሐይ የሚመታው ለምን ሆነና!

እኛ አማላጅ የምንለው ይህን ነው።

ሌላም መንገድ አለ፤ ምቹ ነው። ገዳዩ ከተማ ይገባል፣ ይነግዳል፣ ያልፍለታል። ለደብሩ ጃንጥላና ምንጣፍ ይገዛል፣ በየወሩ በ16 ይዘክራል። ስሙ በድምፅ ማጉያ ይጠራል፣ እልልታው ይቀልጣል። የሟች ቤት ግን አንድም ቀን አልረገጠም። ሲጠየቅ "ኪዳነ ምሕረት አለችልኝ" ይላል። አዲስ አበባም ወንድሞች አሉት፤ የሙት ልጆችን ቤት በሐሰት ምስክር ወስደው እንጦጦ ሻማ የሚያበሩ። እናንተዬ፣ በላዔ ሰብእ ውኃውን ለቤተ ክርስቲያን አልሰጠም እኮ! የጠማው ሰው ጠጣው።

ይህ በሽታ የመንደር ብቻ አይደለም። በ2003 ዓ.ም. የሃይማኖት አባቶች ለታሰሩት የደርግ ባለሥልጣናት ይቅርታ ለመኑ፤ በዚያው ዓመት ግንቦት የ23ቱ የሞት ፍርድ ወደ ዕድሜ ልክ ተቀየረ። መለመናቸው አልከፋንም፤ የአባት ሥራ ነው። የከፋን ሌላ ነው፤ ልመናው መጀመሪያ የደረሰው መንግሥት ጋ እንጂ ልጇን በቀይ ሽብር ያጣችው እናት ጋ አልነበረም። ከሟች ቤተሰቦች ተቃውሞ ሲሰማ የተገረሙ ሰዎች ነበሩ። እኛ በመገረማቸው ተገረምን።

"ምሕረት የእግዚአብሔር ነው፤ እናንተ ማን ናችሁና ትከለክላላችሁ?" የሚሉን አይጠፉም። ኧረ አንከለክልም! ግን ወንጌሉ መባ ይዞ የመጣን ሰው እንኳ፣ የተቀየመው ወንድም ካለ፣ ስጦታውን መሠዊያው ፊት አስቀምጦ እንዲመለስ ያዛል። ይህን ያልነው እኛ አይደለንም። ንስሐ አባትም የቀማ እንዲመልስ ሳያዝ "ይፍታህ" ካለ የቀለደው በኃጢአተኛው ነፍስ ነው።

ስለ 78ቱ ተረቱ ዝም ይላል። እግዚአብሔር ዘንድ ናቸውና እሱ ያውቃቸዋል እንበል። የአንበሳሜው ሟች ሚስት ግን በሕይወት አለች፤ ቅዳሜ ገበያ ትወጣለች፤ ስሙ በድምፅ ማጉያ የሚጠራውንም ሰው ታውቀዋለች። በሚመጣው የካቲት 16 ሰባኪው ጃንጥላ የሰጠውን ከማመስገኑ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቅልን፤ እሷ ደጅ ደርሰህ ታውቃለህ?